እሳት የሚችል ጣት

ጣቴ እሳት ይችላል። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ እናቴም እህቶቼም እንደዚሁ ነበሩ። የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ አወርዳለሁ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሌሎቹ ጓንት አጥልቀው የሚያነሡትን ትሪ እኔ በባዶ እጄ ነው የማነሣው። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ይህን ያሳይብኝ ነበር። ድስቱን አውርጂው ይለኝና የሰውን ፊት እየዞረ ያያል።

የጥይት ቀለህ ማለስለስ የጀመርኩትም በዚህ ጣት ምክንያት ነው።

ከፒዮሪያ ስትሪት አፓርትመንታችን ወጥተን ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ቤት ገዝተን ነበር። ጎረቤታችን ሚስታቸው የሞተችባቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ የደጃቸውን በረዶ ይጠርግላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ አደን ወደ ተራራ ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ መከር ላይ ትልቅ አጋዘን ጭነው መጡ። እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት፣ ሳይሞት ደርሰህ በስመ አብ ብለህ አርደኸዋል ወይ ብዬ ነው። አርጄዋለሁ አለኝ። አመንኩት፤ ሠርቼ በላን።

ሽማግሌው ለባለቤቴ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ሸጡለት። ጥይቱ ወፍራምና ውድ ስለሆነ ራሱ መሙላትን አስተማሩት። ጥይት ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ የናሱ ቀለህ ይቀራል። ቀለሁን አጽድተው አዲስ ባሩድ ይሞሉበታል፣ አዲስ እርሳስ አፉ ላይ ይሰኩበታል፣ እንደገና ይተኮሳል። የዚያ ጠመንጃ ቀለህ እንደ ሌሎቹ አንገት የለውም፤ ከግርጌው እስከ አፉ እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ ነው። እርሳሱ እንዲገባ አፉን ጥቂት ይከፍቱታል፣ ከገባ በኋላ መልሰው ይጨብጡታል። መከፈትና መጨበጥ ሲደጋገምበት ናሱ ይደርቅና አንድ ቀን አፉ ይሰነጠቃል። እንዳይሰነጠቅ አፉን በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል።

አፉን ብቻ። ግርጌው መጠንከር አለበት፤ የባሩዱን ኃይል የሚችለው እሱ ነው። ግርጌው ከለሰለሰ ጥይቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይፈነዳል። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን ጣታቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀለሁን ግርጌው ላይ በጣት ይዞ አፉን ሰማያዊ የጋዝ እሳት ላይ እያሽከረከሩ ማሞቅ፣ ጣት አልችልም ሲል ውኃ ውስጥ መጣል። እኔ ውኃውን ሳይ ግራ ገባኝ። አገራችን ማጭድ ግሎ ውኃ ሲነከር ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም። ሽማግሌው ናስ እንደ ብረት አይደለም አሉኝ። ውኃው ሙቀቱ ወደ ግርጌው እንዳይወርድ ለማቆም ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት አበልጃችንም ነበር። አበልጃችን የባለቤቴ ጓደኛ ነው፤ ሴት ልጃችንን ክርስትና ያነሣቻት ሚስቱ ናት። ሁለቱ ወንዶች አገር ጥለው ሲመጡ ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ነው የኖሩት። አንድ ካፖርት ነበራቸው፤ ሥራ የሚሄደው ይለብሰዋል፣ የሚቀረው ብርድ ልብስ ውስጥ ይቆያል። ባለቤቴ ጠመንጃ ሲገዛ እሱም ያንኑ ዓይነት ገዛ።

ሦስታችንም ተራ በተራ ሞከርን። አበልጃችን ቀለሁን ገና እሳት ሳያስነካ ጣለው። ባለቤቴ ትንሽ ቆየ። እኔ ስይዘው ሽማግሌው ጣይው፣ ጣይው ማለት ጀመሩ። አላቃጠለኝም ነበር። ስጥለው ቀለሙ እስከ ግርጌው ተለውጧል።

አበልጃችን ሳቀ። «ይሄ ጣት አይደለም፤ ጉጠት ነው» አለ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ያንቺ ጣት ለዚህ ሥራ አይረባም አሉኝ። ጣቴ አይረባም ሲባል ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቀለሁን ይዤ የማንሾካሹከው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን ነው፤ እሳት ነክቼ ሳልለው ቀርቼ አላውቅም። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ሁልጊዜ በዚሁ ፍጥነት ነው የምትይው አሉኝ። አዎ አልኩ።

ያን ከሰዓት ሙሉ እሳቱን ለጸሎቴ ሲለኩ ዋሉ። ሙቀት ሲበዛባት የምትቀልጥ ቀለም ቀለሁ ወገብ ላይ ይቀባሉ፣ እሳቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ እኔ ጸሎቴን እላለሁ፣ አሜን ላይ ውኃ ውስጥ እጥላለሁ። በመጨረሻ አፉ ላይ የጣት ውፍረት ያላት ጥቁር ሰማያዊ ቀለበት ወጣች፤ ወገቡ ላይ ያለችው ቀለም አልቀለጠችም። የእሳቱን መክፈቻ እዚያው ላይ በምስማር ምልክት አደረጉበት። ቀለበቷን እንዳትወለውሏት አሉ፤ ልክ መሞቁን የምትመሰክረው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱንም ቤት ቀለህ የማለሰልሰው እኔ ሆንኩ። ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ለእያንዳንዱ ቀለህ አንድ በስመ አብ። ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ቦታ ያን ያህል በጸጥታ አልጸለይኩም። አበልጃችን የለሰለሱትን ቀለሆች አፈ ቅቤ ብሎ ስም አወጣላቸው። ስልክ ይደውልና «አበልጄ፣ አፈ ቅቤዎቹ ደረሱልኝ?» ይለኛል። ተረቱ ሌላ ግማሽ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አያነሣውም ነበር።

አንድ መከር ላይ ሥራ ቦታ ሰው ጎደለና ሺፍት ደረብኩ። ከቀለሆቹ ግማሹን ጨርሼ ግማሹ ቀረ። አበልጃችን ቤት መጥቶ እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺ ዕረፊ አለኝ። ሽማግሌው ያሳዩህን እንዳትረሳ፣ በጣትህ አልኩት። በጣቴ አለ። በሳምንቱ ባሩዱንም እርሳሱንም ጨምሮ፣ ወልውሎ፣ አዲስ የተገዛ አስመስሎ አመጣው። አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ነበረው።

«ይኸውልሽ፣ ስላንቺ ተቃጠልኩ» አለኝ።

አዘንኩለት። ቅባት ሰጠሁት። ጥይቶቹ የእኔም የእሱም አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ።

አደን ከመሄዳቸው በፊት ሁለቱ ከአውሮራ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ ወዳለው የተኩስ ቦታ ሄደው ጠመንጃቸውን ሞከሩ። የባለቤቴ ጠመንጃ ወደ ኋላ ፈነዳ። ባሩዱና የናሱ ስባሪ ፊቱን መታው። ሽማግሌው ያለ መነጽር እንዳይተኩስ አስምለውት ነበርና መነጽሩ አንዱን ዓይን ሙሉ በሙሉ ጠበቀለት። ሌላው ዓይኑ ላይ በጎን የገባ ስባሪ ነበር። ሐኪሞቹ ዓይኑ ይተርፍ እንደሆነ አሁን አናውቅም አሉን።

ሆስፒታል ስደርስ አበልጃችን ነበር፤ ያመጣውም እሱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አጠገቤ ቁጭ አለና እጄን ያዘ።

«አበልጄ፣ አይዞሽ» አለኝ። «ሰው ነሽ። ድካም ነበረብሽ። ጸሎቱ ረዝሞብሽ ይሆናል እንጂ አውቀሽ አላደረግሽውም። ማንም አይፈርድብሽም።»

እስከዚያች ደቂቃ ማንም ስሜን አላነሣም። እኔም ራሴን አላሰብኩም ነበር። የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ወደ ጣቴ ሲያዩ ተሰማኝ። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ግን እሱን እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። በሰው ፊት ስላጽናናኝ አመሰገንኩት።

ባለቤቴን ዓይኑ እንደታሸገ ጠየቅሁት። የፈነዳው የእኔ ነበር ወይ አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ተይው፤ አለፈ» አለኝ። ዝምታውን አዎ ነው ብዬ ያዝኩት። እንዳያሳዝነኝ ፈልጎ ነው ብዬም በልቤ አመሰገንኩት።

ዓይኑ ተረፈ። ብርሃን ሲበዛ ታለቅሳለች እንጂ ታያለች። ለዚህ እስከ ዛሬ የማላመሰግንበት ቀን የለም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ጸሎት እየጸለይኩ ልቤ ሌላ ቦታ ሄዶ የባሌን ዓይን ላጠፋ ነበር አልኩ። አባ ቀኖና ሰጡኝ፤ ስግደት ነው። ሰገድኩ። ጉልበቴ ሥራ ላይ እያመመኝም ሰገድኩ። የከበደኝ ግን እሱ አልነበረም። ጸሎቴን ፈራሁት። ምድጃ ስለኩስ በስመ አብ እላለሁና መሐል ላይ አቆማለሁ፤ ረዘመ ወይስ አጠረ እያልኩ። ልጄን ሳስተኛ ሳማትባት እጄ ይያዝብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስበው የምለውን ቃል እያሰብኩ ማለት ጀመርኩ፤ እያሰብኩ ስለው ደግሞ ይጠፋብኛል። ሽማግሌው ጎረቤታችን ክረምቱን አሪዞና ልጃቸው ዘንድ ስለሚያሳልፉ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ጋራዡ ውስጥ በርጩማዬ ላይ የበረዶ አካፋ ተቀመጠበት።

ለፋሲካ ሰሞን አበልጄ፣ የልጄ ክርስትና እናት፣ ድፎ ዳቦ ልትጋግር እኔ ቤት መጣች። ሊጡን ይዛ ነው ከፒዮሪያ ድረስ የመጣችው። ያንቺን ኦቨን ምን ሆነና አልኳት።

«ተይኝ እባክሽ። እስከ ዛሬ ሲሞቅ ይሸታል። ራሱን የሚያጸዳበትን ከፍቶ የጥይት ቀለህ ጋገረበት፤ እንደ ኩኪ በትሪ ደርድሮ።»

መቼ አልኳት።

«አደን ሊሄዱ ሲሉ ነዋ፣ አንቺ ሺፍት ደርበሽ የነበረ ጊዜ። እሱ ጣቱን በእሳት ሊያቃጥል? አታውቂውም እንዴ?»

ሊጡን እያሸሁ ነበር። ጣቱ ላይ ፕላስተር እኮ ነበር አልኳት።

ሳቀች። «የልጄን ፕላስተር ነው የለጠፈው። አላየሽውም? ዳክዬ አለበት።»

ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ውስጡ የቀረውን ሁሉ አመድ የሚያደርግ ሙቀት አለው። እዚያ የገባ ቀለህ አፉ ብቻ አይደለም የሚለሰልሰው። ከአፉ እስከ ግርጌው ነው። ለዚህ ነው እንደዚያ የወለወለው፤ ቀለሙን ለማጥፋት።

እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። ዳቦው ጥሩ ወጣ።

ማታውን ባለቤቴን ጋራዥ አገኘሁት። ኦቨን ውስጥ ነው የጋገረው አልኩት። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከላይኛው መደርደሪያ የቀለም ጣሳ አውርዶ ከኋላው በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ሰጠኝ። የፈነዳው ቀለህ ነበር። ግርጌው እንደ ተረገጠ ቆርኪ ተጠፍጥፎ ተዘርግቷል። አፉን አየሁት። ተወልውሎ ያበራል። ቀለበት የለውም።

«መቼ አየኸው?» አልኩት።

«የዚያኑ ዕለት። በአንዱ ዓይኔ።»

ከዚያ ነገረኝ። አበልጃችን ማንም ሳይመጣ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ አልቅሷል። ይህ ከተሰማ ከሰው ፊት አልቆምም፣ ሚስቴም አትምረኝም ብሏል። ያን የጋራ ካፖርታቸውን ነገር አንሥቶበታል። ባለቤቴም ዝም እላለሁ ብሎ ማለለት።

«ታዲያ እኔስ?» አልኩት።

ወለሉን አየ። «አንቺ ትችያለሽ ብዬ ነው።»

ይህን ቃል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ሥራ ቦታ ከባዱን ሰውዬ ማን ያንሣው ሲባል፣ እሷ ትችላለች ይላሉ። ከባለቤቴ ስሰማው ግን እንደ ሙገሳ ነበር የምቀበለው። ያን ማታ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። የሚችል ሰው ላይ ይጫናል፤ አልጮኸምና አልተቃጠለም ይባላል። እየሰገድኩ ሲያየኝ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እራት ደረሰ ወይ ብሎኝ ያውቃል። የአጋዘኑም ነገር ያን ማታ ትዝ አለኝ። አርጄዋለሁ ያለኝን። አልጠየቅሁትም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት። ያልሠራሁትን ኃጢአት ተናዝዣለሁና ለአባ አንተ ንገራቸው አልኩት። እሺ አለ። በማግስቱ ነዳንና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አላጠፋም። እጁ መሪው ላይ ነው። ጠበቅሁት። ከዚያ ብቻዬን ወርጄ ገባሁ።

አባ እስክጨርስ ሰሙኝ። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ብለው ጠየቁኝ፤ ስም አልጠራሁም። ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ስግደቱ የትም አይሄድም፣ ልጄ» አሉኝ። «የእኔንም አግዘሽልኛል ማለት ነው።» ከዚያ ሳቃቸውን ተዉትና፣ «ጸሎትሽ ንጹሕ ነው። ጮክ ብለሽ በዪው» አሉ።

ስወጣ ባለቤቴ የመኪናውን ሙቀት ከፍቶልኝ ጠበቀኝ። ምን አሉሽ አለኝ። ጮክ ብለሽ በዪው አሉኝ አልኩት።

በፋሲካ ዕለት አበልጃችን ነጭ ለብሶ ከቅዳሴ በኋላ በሰው መሐል አገኘኝ። እንደ ወትሮው ጉንጬን ሳመኝ፣ እንኳን አደረሰሽ አለኝ። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ። ዓመቱ ሲዞር የእሱንም እንዳልረሳ፣ አፈ ቅቤዎቹን ማለቱ ነው፣ አሳሰበኝ።

«ያንተን ቤትህ ጋግር» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዓይኔን አየ። ሚስቱ ከኋላው የልጄን ነጠላ እያስተካከለች ነበር፤ አልሰማችም። እኔም አልደገምኩትም። እሷ ምን በደለችኝ። እስከ ዛሬ ስንገናኝ አበልጄ ይለኛል፤ ቃሉን ሲጠራው ድምፁ ዝቅ ይላል።

ሽማግሌው በበጋ ሲመለሱ የፈነዳውን ቀለህ በአጥር ላይ አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላብጠው አዩት። የእኔ ነው ተብዬ ነበር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ይሄ ያንቺ ጸሎት የለካው አይደለም አሉ። ይበቃኝ ነበር።

መከር ሲደርስ አካፋውን አነሣሁና በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። የባለቤቴን ቀለህ ብቻ ነው የያዝኩት። መክፈቻውን ምልክቱ ላይ አደረግሁ፣ እሳቱን ለኮስኩ፣ ጮክ ብዬ በስመ አብ አልኩ። ድምፄ ጋራዡ ውስጥ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። አሜን ላይ ጣልኩት፤ ውኃው ቸስ አለ። አወጣሁት። ቀለበቷ ከነልኳ አለች።

ባለቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀርቦ ላግዝሽ አለኝ። ጥቂት ቆሞ አየኝ። አንዱን ቀለህ አሜን ብዬ ከእሳት ሳወጣው፣ ውኃ ውስጥ ሳልጥለው እጁን ዘረጋ። አልከለከልኩትም። ተቀበለኝና ወዲያው ለቀቀው። ሲሚንቶው ላይ ነጥሮ ተንከባለለ። ጣቱን አፉ ውስጥ አደረገ።

«ይሄ እኮ አይቻልም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። አፉ ለስልሶ ስለነበር ሲወድቅ ተጣምሟል። ለብቻው አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ጣቱን በውኃው እያበረደ ቆመ። እሳቱ ስለበዛበት ያቺ ዓይኑ ታለቅስ ነበር። ጨርቅ አቀበልኩት፣ ሌላ ቀለህ አነሣሁ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።